አልነቀል ያለ የኮምፒዩተር ቫይረስ፤ ከየት ይመጣል? እንዴት ይጸዳል? ለምንስ ይመለሳል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሚሴ የገባ እንግዳን፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ «የኮምፒዩተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት» የሚሉ ታፔላዎች ይቀበሉታል፡፡ ቤቱ ፕሪንተር ያለው ሰው ጥቂት ነውና መምህሩ የፈተና ወረቀቱን፣ የወረዳው ባለሙያ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን፣ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ሥራ ፈላጊው ማመልከቻውን በፍላሽ ዲስክ ይዞ ወደነዚህ ቤቶች ጎራ ይላል፡፡ ፍላሹ እዚያ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል፤ ወረቀቱ ይታተማል፤ ሒሳብ ይከፈላል፡፡ ባለቤቱ ማታ ቤቱ ገብቶ ያንኑ ፍላሽ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ሲሰካ ግን ያልከፈለበትን ነገርም ይዞ እንደመጣ ይረዳል፡፡

ምልክቱ የታወቀ ነው፡፡ ፎልደሮቹ በሙሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው አቋራጮች (ሾርትከት) ሆነዋል፡፡ ፀረ ቫይረሱ ጠፍቷል ወይም አልከፈት ብሏል፡፡ «ታስክ ማናጀር» በአስተዳዳሪው ተዘግቷል የሚል መልእክት ይመጣል፡፡ ኮምፒዩተሩ ወደ ባለሙያ ሲወሰድ የሚሰማው መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»፡፡ ፎርማት ይደረጋል፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፣ የቤተሰብ ፎቶና የዓመታት ሰነድ አንዳንዴ አብሮ ይጠፋል፡፡ ሳምንት ሳይሞላው ቫይረሱ ተመልሶ ይመጣል፡፡

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል፡፡ አልነቀል ያለ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ግትር የሚሆነው የማይጠፋ ተንኮል ስላለው አይደለም፡፡ ማጽዳቱ የተካሄደው ከአንድ ቦታ ብቻ ሆኖ፣ ሥሩ ሌላ ቦታ ስለቀረ ነው፡፡ ይህ ጽሑፍ ሥሩ የት የት እንደሚቀርና አንድ የቤት ኮምፒዩተር ሰነዱን ሳያጣ እንዴት እንደሚጸዳ በቅደም ተከተል ያስረዳል፡፡

ቫይረስ እንዴት ይጓዛል?

የኮምፒዩተር ቫይረስ ራሱን እያባዛ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው እንዲሻገር ሆኖ በሰው የተጻፈ ፕሮግራም ነው፡፡ በግል ኮምፒዩተሮች ላይ በስፋት ከተሰራጩት ቀደምቶቹ አንዱ «ብሬይን» የተባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን ላሆር ከተማ ይኖሩ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች የጻፉት ነበር፡፡ ይተላለፍ የነበረው በፍሎፒ ዲስክ ነው፡፡ ዓለም ወደ ኢንተርኔት ሲሸጋገር ቫይረሱም አብሮ ተሸጋገረ፡፡ ኢንተርኔት ውድና ቀርፋፋ፣ አንዳንዴም ጨርሶ የሌለ በሆነበት አካባቢ ግን የፍሎፒውን ቦታ ፍላሽ ዲስክና የስልክ ሜሞሪ ካርድ ተረከቡት፡፡

የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር (ብዙዎቻችን ኦሮሞ ልዩ ዞን የምንለው) ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፡፡ ከሚሴ የዞኑ ዋና ከተማ ናት፡፡ በስተደቡብ የሰንበቴ የእሑድ ገበያ፣ በስተሰሜን ምሥራቅ ደግሞ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ስመ ጥሩው የባቲ የሰኞ ገበያ አለ፡፡ ገበያ ባለበት ደግሞ ስልክ የሚጠግን፣ በሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭን ሰው አይጠፋም፡፡ በአንድ ቀን ውስጥ የብዙ ሰው ካርድ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል፡፡ ያ ኮምፒዩተር ከታመመ ገበያተኛው ሲበተን ቫይረሱም በየመንገዱ ይበተናል፡፡ ባለሱቁም የታመመ ካርድ ከመጣለት እንደ ደንበኞቹ ሁሉ ተጎጂ ነው፡፡

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቫይረሶቹን በእጅጉ የጠቀማቸው «አውቶራን» የተባለው የዊንዶውስ አሠራር ነበር፡፡ ፍላሽ ሲሰካ ዊንዶውስ በውስጡ ያለውን ትእዛዝ አንብቦ ፕሮግራም እንዲያስጀምር መንገድ ይከፍት ነበርና፡፡ ማይክሮሶፍት ይህን አሠራር በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶችም ላይ ለፍላሽ ዲስክ የዘጋው እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2011 በለቀቀው ማሻሻያ ነው፡፡ ነገር ግን ማሻሻያ የሚደርሰው ከኢንተርኔት ጋር ለተገናኘ ኮምፒዩተር ነው፡፡ ያልተገናኘው እንደተከፈተ ቀረ፡፡ የቫይረስ ጸሐፊዎችም ሌላ ዘዴ አላጡም፤ ሰውየው ራሱ በእጁ እንዲከፍተው ማድረግ ጀመሩ፡፡ የአቋራጩ ዘዴ ይህ ነው፡፡

በብዛት የሚያጋጥሙት የትኞቹ ናቸው?

የአቋራጭ (ሾርትከት) ቫይረስ፡- በፍላሹ ላይ ያሉትን ፋይሎች ይደብቃቸዋል፡፡ ብዙ ጊዜ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ይከታቸውና በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው አቋራጮችን ያስቀምጣል፡፡ ተጠቃሚው «ሪፖርት» የሚለውን ሲጫን ሪፖርቱ ይከፈትለታል፤ አብሮ ግን ቫይረሱም ይነሳል፡፡ ሰነዱ ስለተከፈተ ሰውየው ምንም አይጠረጥርም፡፡ መልካሙ ዜና ሰነዱ አለመጥፋቱ ነው፤ ተደብቋል እንጂ፡፡

ሳሊቲና ራምኒት፡- ሳሊቲ ከ2003፣ ራምኒት ከ2010 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቁ ሲሆኑ፣ ለብቻቸው የሚቀመጡ ፋይሎች ብቻ አይደሉም፡፡ በኮምፒዩተሩ ላይ ባሉት ጤነኛ ፕሮግራሞች ውስጥ ራሳቸውን ይሰገስጋሉ፡፡ ሳሊቲ ፀረ ቫይረሱን ያስቆማል፤ ታስክ ማናጀርን ይዘጋል፤ ለጥገና የሚያገለግለውን «ሴፍ ሞድ» ጭምር ያበላሻል፡፡ «ግትር» የሚለው ስም በትክክል የሚስማማው ለእነዚህ ነው፡፡

ኮንፊከር፡- እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የታየ ሲሆን፣ በመላው ዓለም ሚሊዮኖች ኮምፒዩተሮችን ይዟል፡፡ በኔትወርክም በፍላሽም ይተላለፋል፡፡ መለያው ሌሎች ድረ ገጾች እየተከፈቱ የማይክሮሶፍትና የፀረ ቫይረስ ድርጅቶች ገጾች ብቻ አልከፈት ማለታቸው ነው፡፡ የገባበት ቀዳዳ መድፈኛ ከቫይረሱ ቀድሞ፣ በኦክቶበር 2008 ወጥቶ ነበር፡፡ የተያዙት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው፡፡

በእርግጥ ቫይረስ ነው ወይ?

ከሚሴ ሞቃት ከተማ ናት፡፡ አቧራው የኮምፒዩተርን ማራገቢያ ሲደፍነው ማሽኑ ይግላል፤ የጋለ ማሽን ደግሞ ይንቀራፈፋል፣ ሳይታሰብም ይጠፋል፡፡ መብራት ድንገት እየሄደ ሲመጣም ሃርድ ዲስክ ይጎዳል፡፡ እነዚህ በቫይረስ ይሳበባሉ፡፡ ኮምፒዩተሩ ዝግ ማለቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፡፡ ማራገቢያው የሚጮህ፣ ከሥሩ የሚያቃጥል ከሆነ መጀመሪያ አቧራውን ያስጠርጉ፡፡ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ሌላውን ሁሉ ትተው ሰነድዎን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፡፡

ቫይረስን የሚያሳብቁት ከላይ የጠቀስናቸው ናቸው፤ ፎልደር ወደ አቋራጭ መለወጥ፣ ፀረ ቫይረስ በራሱ መጥፋት፣ ታስክ ማናጀር መዘጋት፣ በተሰካ ፍላሽ ሁሉ ላይ ያልታወቀ ፋይል መፈጠር፣ የፀረ ቫይረስ ድረ ገጾች አለመከፈት፡፡

ከዚህ የሚለይ አንድ አደጋ አለ፡፡ ሰነዶችዎ ስማቸው መጨረሻ ላይ እንግዳ ፊደላት ተጨምሮባቸው አልከፈት ካሉና ገንዘብ ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ከተገኘ፣ ይህ ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው፡፡ ቫይረሱን ማጥፋት የተቆለፈውን አይከፍትም፡፡ የተቆለፉትን ፋይሎች ሳይሰርዙ ያስቀምጡ፡፡ ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች ነፃ መክፈቻ እ.ኤ.አ. በ2016 በተቋቋመው «ኖ ሞር ራንሰም» ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፡፡

ከመጀመርዎ በፊት

አንደኛ፣ ኢንተርኔቱን ይንቀሉ፡፡ ዋይፋይም ከሆነ ይዝጉ፡፡ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ የባንክም ሆነ የኢሜይል የይለፍ ቃል አይጻፉ፡፡

ሁለተኛ፣ ሌላ ፍላሽ አይሰኩ፡፡ «እስቲ በዚህኛው ልሞክር» እየተባለ የሚሰካው እያንዳንዱ ፍላሽ አዲስ ሕመምተኛ ነው፡፡

ሦስተኛ፣ በቤትዎ ያሉትን ፍላሾች፣ ሜሞሪ ካርዶችና የውጭ ሃርድ ዲስኮች በሙሉ ሰብስበው አንድ ቦታ ያስቀምጡ፡፡ ልጆችዎ የያዙትንም አይርሱ፡፡ ምክንያቱን ዝቅ ብለን እናየዋለን፡፡

አራተኛ፣ ማጽዳት ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል መብራት የማይቆራረጥበትን ጊዜ ይምረጡ፡፡ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፡፡

ማጽዳት፣ ደረጃ በደረጃ

1. ከውጭ ማስነሳት፡፡ ዊንዶውስ ሲነሳ ቫይረሱም አብሮ ይነሳል፤ ፀረ ቫይረሱን ቀድሞ ያስቆመው ለዚህ ነው፡፡ ስለዚህ ኮምፒዩተሩን የታመመውን ዊንዶውስ ሳያስነሱ ማስነሳት ያስፈልጋል፡፡ ለዚህ የሚሆኑ ነፃ ማዳኛ ዲስኮች አሉ፤ «ካስፐርስኪ ሬስኪው ዲስክ» እና «ዶክተር ዌብ ላይቭ ዲስክ» ይጠቀሳሉ፡፡ ሁለቱም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስላላቸው ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት፣ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ያለ ዘመድ ቢያወርድልዎ ይቀላል፡፡ ፋይሉን ወደ ፍላሽ ለመጻፍ «ሩፈስ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያገለግላል፡፡ ዋናው ነገር ፍላሹ ጤናማ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ መዘጋጀቱ ነው፡፡ በታመመ ማሽን የተዘጋጀ መድኃኒት ራሱ በሽታ ነው፡፡

ፍላሹን ሰክተው ኮምፒዩተሩን ሲያበሩ የማስነሻ ዝርዝሩን ይጥሩ፡፡ በዴል፣ በሌኖቮና በቶሺባ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ደግሞ ኤፍ 9 ወይም «ኢስኬፕ» የሚለው ቁልፍ ነው፡፡ ከዝርዝሩ ውስጥ ፍላሹን ይምረጡ፡፡

2. ሰነድን ማትረፍ፡፡ ማዳኛ ዲስኩ ፋይሎችን ማሳየት ይችላል፡፡ ከማንኛውም ነገር በፊት ፎቶዎችን፣ የጽሑፍ ሰነዶችንና የሒሳብ ሠንጠረዦችን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፡፡ ፕሮግራሞችን ግን አይገልብጡ፡፡ የተረፉትንም ሰነዶች ኋላ በጸዳ ፀረ ቫይረስ ሳያስመረምሩ አይክፈቱ፡፡

3. ሁሉንም ክፍል መመርመር፡፡ ብዙ ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስኩ «ሲ» እና «ዲ» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፡፡ ፍተሻው ሁለቱንም መሸፈን አለበት፡፡ የተያዙ ፋይሎች ሲገኙ «ማከም» የሚለው ምርጫ ካለ አስቀድመው እሱን ይሞክሩ፤ ሳሊቲን የመሰሉት በጤነኛ ፕሮግራም ውስጥ ስለሚሰገሰጉ መሰረዝ ፕሮግራሙን ራሱን ያጠፋልና፡፡ ፍተሻውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ምንም እስከማያገኝ ድረስ ይድገሙት፡፡

4. ማዳኛ ዲስክ ካልተገኘ፡፡ ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ያለው ኮምፒዩተር «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» የሚባል ምርመራ በውስጡ አለው፡፡ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ ገብተው በቫይረስ መከላከያው ሥር «ስካን ኦፕሽንስ» የሚለው ላይ ያገኙታል፡፡ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዋናው ዊንዶውስ ሳይከፈት ለ15 ደቂቃ ያህል ይመረምራል፡፡ «ቢትሎከር» በተባለው ቁልፍ የተመሰጠረ ዲስክ ካለዎት የውጭ ማዳኛ ዲስክ ስለማያነበው የሚያዋጣዎት ይሄኛው ነው፡፡

5. ተጨማሪ ምስክር፡፡ ኮምፒዩተሩ በመደበኛ መንገድ ከተነሳ በኋላ በሌላ መመርመሪያ ደግሞ ያረጋግጡ፡፡ «ማልዌርባይትስ» ወይም የማይክሮሶፍት «ሴፍቲ ስካነር» ይሆናሉ፡፡ ሴፍቲ ስካነር ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ ስለማይሠራ ከዓመት በፊት የተቀመጠ ቅጂ አይጠቅምም፡፡ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ቋሚ ፀረ ቫይረሶችን መጫን ግን እርስ በርስ ያጋጫቸዋል፡፡

6. ጠባሳውን ማከም፡፡ ቫይረሱ ጠፍቶም ታስክ ማናጀር እንደተዘጋ ሊቀር ይችላል፡፡ ይህ ቫይረሱ ትቶት የሄደው ጠባሳ እንጂ ቫይረሱ አይደለም፤ የአንዳንድ ፀረ ቫይረሶች የጥገና ክፍል ይመልሰዋል፡፡ «አውቶራንስ» በተባለው የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ይመልከቱ፤ ፋይሉ የሌለውን ወይም እንግዳ የሆነውን ምልክቱን ያንሱ፡፡ በመጨረሻም «ሲስተም ሪስቶር» የያዛቸውን የቀድሞ ቅጂዎች ይሰርዙ፡፡ በሕመሙ ጊዜ የተቀመጠ ቅጂ ሕመሙንም አብሮ አስቀምጧልና፡፡

7. ፍላሾቹን በዚያው ዕለት ማጽዳት፡፡ በብዙ ሰው ዘንድ የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው፡፡ ኮምፒዩተሩ ሰኞ ጸድቶ ፍላሹ ሐሙስ ቢሰካ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፡፡ የሰበሰቧቸውን አንድ በአንድ ይሰኩ፤ ሳይከፍቱ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ያስመርምሩ፡፡

የተደበቁ ሰነዶችን ለመመለስ «ኮማንድ ፕሮምፕት» ይክፈቱ፡፡ ፍላሹ ኢ ከሆነ ኢ እና ሁለት ነጥብ ጽፈው «ኢንተር» ይጫኑ፡፡ ቀጥሎ ያለውን በስልክ እንደሚነገር አድርገን እናስቀምጠው፡፡ በላቲን ፊደል ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ አር፣ አይ፣ ቢ ተያይዘው፤ ክፍት ቦታ፤ ሰረዝ ኤች፤ ክፍት ቦታ፤ ሰረዝ አር፤ ክፍት ቦታ፤ ሰረዝ ኤስ፤ ክፍት ቦታ፤ ወደ ቀኝ ያዘመመ መስመር ኤስ፤ ክፍት ቦታ፤ ያንኑ መስመር ዲ፤ ክፍት ቦታ፤ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ኮከብ፡፡ «ኢንተር» ሲጫኑ የተደበቁት ብቅ ይላሉ፡፡ ስም የሌለው ፎልደር ካለ ሰነድዎ በውስጡ ነው፡፡ ሰነዱን ወደ ጸዳው ኮምፒዩተር ገልብጠው፣ አቋራጮቹን ትተው ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ፡፡ ፎርማት ቦታው ላይ የዋለው እዚህ ነው፡፡

ፎርማት ተደርጎም ለምን ይመለሳል?

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፡፡ ፎርማት የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ «ሲ» ብቻ ነው፡፡ ሰነድ እንዳይጠፋ ተብሎ «ዲ» ሳይነካ ይቀራል፡፡ በ«ዲ» ውስጥ ግን ሰነድ ብቻ አይደለም ያለው፤ «ሶፍትዌር» በሚል ፎልደር ለዓመታት የተጠራቀሙ የመጫኛ ፋይሎችም አሉ፡፡ ሳሊቲ አስቀድሞ የገባው በእነዚያ ውስጥ ነው፡፡

የከሚሴን ተጠቃሚ ሁኔታ እንውሰድ፡፡ በዞኑ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ አማርኛ ደግሞ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፡፡ ስለሆነም አዲስ ዊንዶውስ እንደተጫነ መጀመሪያ የሚፈለገው የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፡፡ ፕሮግራሙ የሚገኘው ደግሞ ከ«ዲ» ወይም ከጓደኛ ፍላሽ ነው፡፡ የመጫኛ ፋይሉ ሲከፈት በውስጡ የተሰገሰገው ቫይረስም ይነሳል፤ ገና ሁለት ሰዓት ያልሞላውን ንጹሕ ዊንዶውስ መልሶ ይይዘዋል፡፡ ጥፋቱ የመጻፊያ ፕሮግራሙ ሠሪዎች አይደለም፤ ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ቅጂ ነው፡፡ ከዚህም የባሰው የፈቃድ ቁልፍ መስበሪያ ተብሎ አብሮ የሚዞረው ፋይል ነው፡፡ እሱን ለመክፈት ፀረ ቫይረሱን እንዲያጠፉ የሚጠይቅዎት ከሆነ ጥያቄው ራሱ መልስ ነው፡፡

ማምለጫው ቀላል ነው፡፡ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ በዊንዶውስ ውስጥ ተካቷል፡፡ ከቋንቋ ምርጫው ውስጥ አማርኛን መጨመር ብቻ ይበቃል፡፡ አጻጻፉ ካልተመቸዎት «ኪማን» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከራሱ ድረ ገጽ ይወርዳል፡፡

ፎርማት የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ፡፡ ከሁለትና ሦስት ፍተሻ በኋላ የተያዙ ፋይሎች መገኘታቸው ካልቆመ፣ ዊንዶውስ በትክክል አልነሳ ካለ፣ ወይም ኮምፒዩተሩ የድርጅት ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ከሆነ ፎርማቱ ይሻላል፡፡ በዚያን ጊዜ ግን ሰነድ ብቻ ተርፎ «ሲ»ም «ዲ»ም አብረው ይጥፉ፡፡ የድሮ የመጫኛ ፋይል አንድም አይመለስ፡፡ ዊንዶውሱም ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ከወረደ ቅጂ ይጫን፡፡ ለባለሙያ ከሰጡት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ «ሰነዴ የት ይቀመጣል?» እና «ዲውስ?»

ኢንተርኔት በሌለበት እንዴት እንጠበቃለን?

የፀረ ቫይረስ ጉልበቱ ማሻሻያው ነው፡፡ የዞኑ ነዋሪ ደግሞ ግንኙነት ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል ያውቃል፡፡ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ደርሶ ነበር፡፡ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል፡፡ በእንዲህ ያለ ጊዜ ፀረ ቫይረሱ አለ ይባላል እንጂ አዳዲሶቹን አያውቃቸውም፤ ሰነድ ግን በፍላሽ መዞሩን ይቀጥላል፡፡

ለዚህ የሚሆን መፍትሔ አለ፡፡ የማይክሮሶፍት ዲፌንደርን የዕለቱን መለያ ፋይል ኢንተርኔት ካለበት ኮምፒዩተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣትና በእጅ መጫን ይቻላል፡፡ መጠኑ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፡፡ በወር አንድ ጊዜ ወደ ደሴ ወይም አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ለጎረቤቶቹም ሊያመጣ ይችላል፡፡ ፍላሹ ቫይረስ ሲያዞር ከኖረ መድኃኒቱንም ማዞር አያቅተውም፡፡

ሌሎቹ ጥንቃቄዎች የሚከተሉት ናቸው፡፡

ለማሳተም ብቻ የሚያገለግል አንድ ፍላሽ ይለዩ፡፡ የሚታተመውን ሰነድ በፒዲኤፍ ብቻ ይጫኑበት፤ ከታተመ በኋላ ቤት ሲመለሱ ሳይከፍቱ ፎርማት ያድርጉት፡፡ የቤተሰብ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ፍላሽ ማተሚያ ቤት ደጃፍ አይድረስ፡፡

ግንኙነት ባለበት ጊዜ ፍላሹን ትተው ሰነዱን በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ለማተሚያ ቤቱ ይላኩ፡፡ የአንድ ፒዲኤፍ ዋጋ ከአንድ ፎርማት ዋጋ ጋር አይወዳደርም፡፡ አንድ ችግር አለው፤ ሰነዱ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ይቀራል፡፡ ምሥጢራዊ ከሆነ ከታተመ በኋላ እንዲጠፋ ቆመው ያስጠፉ፡፡

ጎን ላይ የመቆለፊያ ማንሸራተቻ ያለው ፍላሽ ወይም ኤስዲ ካርድ ካገኙ ይግዙ፡፡ ሲቆለፍ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ ቫይረሱም መግቢያ ያጣል፡፡

የፋይሎችን መጨረሻ ስም (ኤክስቴንሽን) እንዲያሳይ ዊንዶውስን ያስተካክሉ፡፡ የፎልደር ወይም የፎቶ መልክ ይዞ መጨረሻው «ኢኤክስኢ» የሆነ ነገር ፎቶም ፎልደርም አይደለም፡፡

ዊንዶውስዎ ስንት እንደሆነ ይወቁ፡፡ ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠው ድጋፍ ያበቃው መጋቢት 30 ቀን 2006፣ ለዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፡፡ ለዊንዶውስ 10 በተራዘመው መርሐ ግብር የሚመዘገቡ የቤት ተጠቃሚዎች ለአንድ ተጨማሪ ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ እንዲያገኙ ተደርጓል፡፡ ኤክስፒና 7 ያላቸው ኮምፒዩተሮች ግን ለጽሕፈት ቢያገለግሉም ለባንክና ለኢሜይል አይታመኑም፡፡

ከሁሉም በላይ የሰነድዎ ሁለተኛ ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ውጭ ይኑር፡፡ ቅጂው ደግሞ ሁልጊዜ እንደተሰካ አይቀመጥ፤ የተሰካ ቅጂ አብሮ ይታመማልና፡፡

የሕጉን ጉዳይ ባጭሩ ለማንሳት፣ ሆን ብሎ ጎጂ ፕሮግራም ማሰራጨት በኢትዮጵያ ወንጀል ነው፡፡ በ1997ቱ የወንጀል ሕግ የተጀመረው ድንጋጌ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰፋ ብሎ ተደንግጓል፡፡ ሳያውቅ የታመመ ፍላሽ የሰካ ጎረቤት ግን ወንጀለኛ አይደለም፤ ራሱም ተጎድቷል፡፡

ስለዚህ ኮምፒዩተርዎን ካጸዱ በኋላ አንድ የሚቀር ሥራ አለ፡፡ ፍላሹ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት የት እንደዋለ ያስታውሱ፤ ለማተሚያ ቤቱም፣ ለሥራ ባልደረባዎም፣ ለልጅዎ ጓደኛም ይንገሩ፡፡ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፡፡ የእነሱ ካልጸዳ የእርስዎም አልጸዳምና ነው፡፡